ጾም የያዘው እባብ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ አበው። በስደት ዓለም ግን ጉዱ መስከረምን አይጠብቅም፤ በየሳምንቱ ይመጣል። እኔ በሙያዬ ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ባሕር ማዶ ተሻግሬ የተማርኩትም ያንኑ ነው። ስለ ጦርነት፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ስብሰባና ስለ መግለጫ ብዙ ጽፌአለሁ። አልበላም ስላለ እባብ እጽፋለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅ። ሳቁ፣ ግዴለም። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ግን አንድ ነገር አስቡ፤ እዚህ አሜሪካ ተወልዶ የሚያድገው ልጃችን ዛሬ ውሻ፣ ነገ ጥንቸል፣ ከነገ ወዲያ እባብ ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «በስመ አብ» ብሎ ማማተብ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ታናሽ እህቴ ቤት ነው። ልጇ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛው ቤተሰብ በሰኔ ወር ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሲዛወር እባባቸውን ከነመስተዋት ሣጥኑ ለእሱ ትተውለት ሄዱ። እናቱ «ጥሩ ውጤት ካመጣህ የፈለግኸውን አደርግልሃለሁ» ብላ ቃል ሰጥታ ስለነበር ማጠፍ አልቻለችም። ልጁም እባቡን «በቆሎ» ብሎ ስም አወጣለት።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። የእባቡ ዘር በእንግሊዝኛ «ኮርን ስኔክ»፣ ማለት የበቆሎ እባብ ይባላል። አገሩ እዚሁ አሜሪካ ነው፤ ከኒው ጀርሲ ደቡብ አንሥቶ እስከ ፍሎሪዳ ይገኛል። ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1766 ነበር። የበቆሎ እባብ ስለ መባሉ ሁለት ነገር ይነገራል፤ አንደኛው በበቆሎ ጎተራ ዙሪያ አይጥ ሲያድን ስለሚገኝ ነው የሚል፣ ሁለተኛው የሆዱ ዝንጉርጉርነት ቀለማም የበቆሎ ፍሬ ስለሚመስል ነው የሚል። መርዝ የለውም፤ ጠባዩም ገራም ነው። ሲያድግ ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል።

ኅዳር ሲገባ እህቴ ስልክ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ና። ይኼ አውሬ አምስት ሳምንት ሙሉ አልበላም። ልጄ ሌሊት እየተነሣ በባትሪ ያየዋል፤ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል ብላ አስተማሪው ጽፋልኛለች። ወይ ይብላ፣ ወይ ወስጄ ጫካ እጥለዋለሁ።» እህቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ የምትሠራ የደከማት እናት ናት። ልጁ ግን ንግግሯን ሰምቷል። ገና ከበር ስገባ፣ «አጎቴ፣ ጫካ ከጣለችው በብርድ ይሞታል፣ አይደል?» አለኝ። አዎን፣ በዚህ ወር ከሞቀ ቤት ወጥቶ የተጣለ እባብ መሞቱ አይቀርም። የምዋሸው ነገር አልነበረም።

እናታችን ያን ሰሞን ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥታ ነበር። «የገና ጾም ይዞ ይሆናል፤ ከእናንተ ይሻላል» ብላ አሳቀችን። ቀጥላ ግን ቁም ነገር ተናገረች። ጎጃም ገጠር ያደገች ናትና፣ «ከብት ሣር ሲተው መጀመሪያ የምናየው አፉን አይደለም፣ በረቱን ነው። ውሃ ገብቶበት ይሆን? አውሬ ሸትቶት ይሆን?» አለች። ይህን ስትል እባቡን አንድም ቀን ቀርባ አላየችውም። እኔ በኋላ ያነበብኩትና ከሐኪም የሰማሁት ሁሉ ግን የእሷን ቃል የሚያጸና ሆኖ አገኘሁት።

በረቱን ማየት ጀመርን። የመጀመሪያው ነገር ሙቀት ነው። እባብ እንደኛ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጡ አያመነጭም፤ ከውጭ ይወስዳል እንጂ። ሙቀት ካላገኘ ሆዱ የዋጠውን መፍጨት ያቅተዋል፤ ያልተፈጨውም ሆዱ ውስጥ ይበላሻል፣ ወይም መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ የበረደው እባብ አልበላም ቢል እልህ አይደለም፤ ሰውነቱ ነው የከለከለው። የመኖሪያው አንዱ ጫፍ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአሜሪካኖቹ ፋራናይት ከ85 እስከ 88 ገደማ መሆን አለበት። ሌላው ጫፍ ከ24 እስከ 26 ሴንቲግሬድ ሆኖ እባቡ እንዳሻው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይኖራል። ቴርሞሜትር ገዝተን ብንለካ፣ ሞቃት የተባለው ጫፍ 23 ሆኖ ተገኘ። እህቴ የማሞቂያ ሒሳብ እንዳይቆልልባት የቤቱን ሙቀት ዝቅ አድርጋ ቤተሰቡን በጋቢ ትጠቀልላለች። ሒሳቡ የማያስደነግጠው ስደተኛ ማን አለ? እባቡ ግን ጋቢ የለውም። እስከ መስከረም ድረስ ሲበላ ቆይቶ ብርዱ ሲገባ ያቆመበት ምስጢር ይኸው ነበር።

ከሣጥኑ ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከነቴርሞስታቱ ገዛን። ቴርሞስታት የሌለው ማሞቂያ እባቡን እስከ ማቃጠል ሊደርስ ስለሚችል፣ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም።

ሁለተኛው ነገር ጸጥታ ነው። ሣጥኑ የተቀመጠው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር፤ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እየመጣ መስተዋቱን ያንኳኳል። እባብ ደግሞ ተደብቆ መኖር የሚወድ ፍጥረት ነው። ወደ ልጁ መኝታ ቤት አዛወርነው፤ በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጫፍ መደበቂያ አደረግንለት፤ ሦስቱን ጎን በካርቶን ሸፈንን። አንድ ነጋዴ «በየቀኑ አይጥ አቅርቡለት» ብሎ መክሯቸው ስለነበር ልጁ ጠዋት ማታ እባቡ አፍንጫ ሥር አይጥ ያወዛውዝ ነበር። ይህም ቆመ። እባብ እምቢ ካለ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይታለፋል እንጂ አይነዘነዝም። ለልጁ ከሁሉ የከበደው እባቡን አለመንካት ነበር። «ካልነካሁት ይረሳኛል» ብሎ አለቀሰ። ቢሆንም ቻለው።

ሦስተኛው ሐኪም ነው። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም እባብ አያክምም፤ ተሳቢ እንስሳት የሚያውቅ ፈልገን ወሰድነው። የቀድሞ ባለቤቶቹ የክብደቱን መዝገብ ትተው ስለነበር በጣም ጠቀመን። ሲበላ 180 ግራም የነበረው 171 ሆኗል፤ ከሃያ እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው የቀነሰው። ሐኪሙ አሥር በመቶ የቀነሰ እባብ ሳይውል ሳያድር ይምጣ አለን። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ አረፋ ወይም ንፍጥ የሚያሳይ፣ ድዱ የቀላ ወይም መግል የቋጠረ፣ የበላውን የሚተፋ፣ ወገቡ ላይ ያበጠ፣ በቅርፊቱ መካከል ጥቃቅን ተባይ የሚታይበትም እንዲሁ። የእኛውን አፉን አየ፣ ትንፋሹን አዳመጠ፣ ዓይነ ምድሩን መረመረ። ደህና ነው ተባልን። ለአቅመ አዳም የደረሰ ጤነኛ እባብ ለሳምንታት ሳይበላ መቆየት እንደሚችልም አስረዳን።

ልክ ቤቱ ሞቆ ተስፋ ስናደርግ የእባቡ ዓይን ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ልጁ «ዓይኑ ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። አልጠፋም፤ ቆዳውን ሊለውጥ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ እባቦች አይበሉም፤ ብታቀርቡላቸውም ትርፉ ማወክ ነው። እርጥብ ሞስ የሚባለውን የደን ሣር መሰል ነገር የያዘች ትንሽ ዕቃ አስገባንለትና ጠበቅን። በአሥረኛው ቀን አሮጌውን ቆዳ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሳይቀደድ አውልቆ ጣለው።

ከሦስት ቀን በኋላ በምሽት አይጥ አቀረብንለት። አይጧ ከእባቡ ወፍራም ገላ ጋር እኩል ወይም ጥቂት የበለጠች መሆን አለባት። ከፍሪዘር ወጥታ በላስቲክ ተጠቅልላ ፍሪጅ ውስጥ ስትቀልጥ አደረች፤ ቀጥሎ በሙቅ ውሃ እስከ 38 ዲግሪ ሞቀች። ማይክሮዌቭ ውስጥ አትገባም፤ ውስጧ ይበስላል፣ ትፈነዳለችም። የሞቀች አይጥ ሽታዋ ይጎላል፤ እባብ ደግሞ በምላሱ ሽታ እየለቀመ ነው ምግቡን የሚያውቀው። በረጅም መቆንጠጫ አስገብተን መብራት አጠፋን። ልጁ ቁጭ ብዬ ልይ አለ። ይኼኔ እናቴ ተነሣች። «ሰው ሲበላ አይታይም፤ እባብም ቢሆን» ብላ አሮጌ ነጠላዋን አምጥታ ሣጥኑን ሸፈነችው። ቀርባ አታውቅም ነበር። ሐኪሙም እኮ «ሸፍናችሁ ተዉት» ነው ያለው። ጠዋት ነጠላው ሲገለጥ አይጧ የለችም። «በላ!» የሚለው ጩኸት የጎረቤት በር አስከፈተ። ለሁለት ቀን አትንካው ብለነው እሺ አለ።

እንግዲህ ለወላጆች የምለው አለኝ። እኛ እንግዳ አልበላም ካለ «በሞቴ!» ብለን የምናጎርስ ሕዝብ ነን። እባብ ግን ጉርሻ አይቀበልም። አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ ጉሮሮውንና ጥርሱን ያቆስላል፤ ግድ ካስፈለገ የሐኪም ሥራ ነው። በሕይወት ያለች አይጥም አትስጡት፤ ያልራበውን እባብ ነክሳ ታቆስላለች። ገና ከእንቁላል የወጣ ግልገል እንደ ትልቁ ብዙ አይታገሥምና ቶሎ ሐኪም ጠይቁ። የዱር ግልገሎች እንሽላሊትና እንቁራሪት ስለሚበሉ፣ ትንሿን አይጥ በእንሽላሊት ሽታ ማሸት አንዳንዴ ይረዳል። ወንዱ በመራቢያው ወራት ምግብ ቢተው ደግሞ ክብደቱን እየመዘናችሁ ጠብቁ።

ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከተሳቢ እንስሳት ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ወጥ ቤት አታስገቡት፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይንካው። ሕግም ጠይቁ። ለምሳሌ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በጆርጂያ፣ የክፍለ ግዛቱ ተወላጅ የሆኑ መርዝ የለሽ እባቦችን በቤት ማኖር ክልክል ነው፤ የበቆሎ እባብም ከእነዚያ አንዱ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላልና ሁሉም ቤቱ እባብ ያስገባ አልልም። ልጁ ለምኖ ያስገባ ግን የሃያ ዓመት እንግዳ እንደ ተቀበለ ይወቅ፤ ሳይበላ ሲቀርም ከመጣል በፊት በረቱን ይመልከት። ከእባቡ በፊት ቴርሞሜትሩን ግዙ። ለሳምንት ሰው ይበለን።