ከወገል ጤና ወደ ሆንግ ኮንግ፦ ልጅ ይዞ ለሚሄድ

የለጠፍኩትን የጀልባ ፎቶ አይታችሁ «ከልጅ ጋር ሆንግ ኮንግ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። አብሽሩ፣ ይቻላል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ላስፍረው።

የእኛ ወረዳ የደላንታ ሰው ሆንግ ኮንግን የሚያውቃት በኦፓል ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፀሐይ መውጫ አካባቢ፣ ከገደሉ ወገብ ላይ ድንጋዩ ከተገኘ ወዲህ «ወሎ ኦፓል» የሚለው ስም በዓለም ገበያ የታወቀ ሆኗል። ሆንግ ኮንግ ደግሞ ከዓለም ዋና ዋና የከበሩ ድንጋዮች አውደ ርዕዮች ሁለቱ የሚካሄዱባት ከተማ ናት፤ አንዱ በየካቲት መጨረሻ ግድም፣ ሌላው በመስከረም ወር አካባቢ። ባለቤቴ ነጋዴዋ ናት፤ እኔና የአራት ዓመት ልጃችን አጃቢዎች ነበርን።

*መጀመሪያ ይህን እወቁ*

የንግድ አውደ ርዕዮቹ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አያስገቡም። ታዝሎም፣ ታቅፎም አይገባም። ስለዚህ ከወላጅ አንዱ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር ነው። የድንጋዩ ገበያ የሚቆመው ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለው ኤዥያ ወርልድ ኤክስፖ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚያው አካባቢ ማደር ይፈልጋል። ልጅ ካለ ግን የሚሻለው ጺም ሻ ጹይ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ወደቡ፣ መናፈሻውና ምግብ ቤቱ ሁሉ በእግር ይደረሳል። ነጋዴው በባቡር ይመላለስ፤ ልጁ አይንገላታ።

*ለደጋ ልጅ ብርቁ ውሃ ነው*

ሆንግ ኮንግን ያየ ሁሉ «መጀመሪያ ፒክ ውጡ» ይላችኋል። ፒክ የከተማዋ ታዋቂ ተራራ ነው፤ ቁመቱ 552 ሜትር። ወገል ጤና 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ የበሽሎን ሸለቆ ቁልቁል ስታይ ላደገች ልጅ 552 ሜትር ምኗ ነው? ላይ ወጥተን ሰው ሁሉ በፎቆቹ ሲደነቅ የእኛዋ «መርከቧ የታለች?» እያለች ነበር። ልጃችሁ የለመደው ከፍታ ነው፤ ያላየው ባሕር ነው። ጉብኝቱን ከውሃው ጀምሩት።

ውሃው ላይ ደግሞ ስታር ፌሪን የሚያህል የለም። ከጺም ሻ ጹይ ወደ ሴንትራል የሚያሻግሩት እነዚህ አረንጓዴና ነጭ ጀልባዎች ድርጅታቸው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ መሥራቹ ዶራብጂ ናኦሮጂ ሚታይዋላ የተባለ ከህንድ የመጣ ፓርሲ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የላይኛው ፎቅ ዋጋ 5 ሳንቲም ተጨመረ ተብሎ ከተማዋ በሁከት ታምሳ ነበር። ዛሬም አንዱ ጉዞ በ1 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ነው፤ ለልጅ ደግሞ ይቀንሳል። መሻገሪያው 10 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ልጅ ሳይሰለች ያልቃል። ታችኛው ፎቅ ርካሽ ነው፤ ለውሃውም፣ ለሞተሩ ድምፅም ቅርብ ነው። የእንጨት ወንበሮቹ መደገፊያ ወዲህና ወዲያ ይገለበጣል፤ ጀልባዋ በሁለቱም ጫፍ መሄድ ስለምትችል ሳትዞር ነው የምትመለሰው፣ ተሳፋሪው ግን መደገፊያውን ገልብጦ ፊቱን ወደ ጉዞው ያዞራል። ልጄ ባዶ ወንበር ባየች ቁጥር ትገለብጥ ነበር፤ ማንም አልተቆጣትም።

እስከዚያ ድረስ ካየችው ውሃ ትልቁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ስለዚህ «ማዶው የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ተዘጋጁ። እኔን የጠቀመኝ ኮንቴይነሩ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በከባድ መኪና ሲገባ የምታውቀውን ሳጥን እዚያ በመርከብ ላይ ተደራርቦ አየችው። ሳጥኑ በባሕር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመንገድ ወደ እኛ እንደሚመጣ ያን ቀን ገባት። የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ ወደብ ምን እንደሚሠራ የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

*ከሰዓቱ ጋር አትታገሉ*

ሆንግ ኮንግ ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። አገር ቤት ማታ 2 ሰዓት የሚተኛ ልጅ እዚያ ሌሊት 7 ሰዓት ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም፤ በበነጋውም ረፋድ 5 ሰዓት ድረስ አይነቃም። ጠዋቱን ለእንቅልፍ ተዉት፣ ጉብኝቱን ወደ ማታ ግፉት። ከተማዋ ራሷ የማታ ከተማ ናት። ምሽት 2 ሰዓት ላይ (በእነሱ አቆጣጠር 20:00) በወደቡ ዳርና ዳር ያሉ ፎቆች በሙዚቃ የታጀበ የመብራት ትርኢት ያሳያሉ፤ ከጺም ሻ ጹይ ዳርቻ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ የሰዓት ማማ አጠገብ በነጻ ይታያል። ለልጁ አካል ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ ፍጹም ንቁ ነው።

*መንገዱ ራሱ ጨዋታ ነው*

የመጫወቻ ፓርክ ትኬት ለመግዛት አትቸኩሉ። እነዲዝኒላንድ አሉ፣ ውድ ናቸው፣ ቀኑንም ይበላሉ። በሳንቲም የሚገኘውን አስቀድሙ።

— *ትራም።* በሆንግ ኮንግ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው። በኋላ በር ተገብቶ በፊት በር ሲወረድ ይከፈላል። ላይኛው ፎቅ ፊተኛው ወንበር ከተገኘ ልጁ ሹፌር ነው። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የለመደ ልጅ ደግሞ «ይሄኛው ለምን ፎቅ አለው?» ማለቱ አይቀርም።

— *ተንቀሳቃሽ ደረጃ።* ከሴንትራል ወደ ዳገቱ ሰፈር የሚወጣ፣ ጣሪያ ያለው የኤስካሌተር መስመር ነው፤ ርዝመቱ 800 ሜትር ያህል። ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ሠራተኛውን ቁልቁል ያወርዳል፣ ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ሽቅብ ያወጣል። ክፍያ የለውም።

— *ፒክ።* እንሂድ ካላችሁ እ.ኤ.አ. በ1888 ሥራ የጀመረው ፒክ ትራም አለ፤ ወረፋው ግን ለልጅ አይመችም። ከሴንትራል 15 ቁጥር አውቶቡስ ያወጣችኋል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ጉም ስለሚበዛ ከታች ሆናችሁ ጫፉ ካልታያችሁ አትውጡ።

— *መናፈሻ።* ካውሉን ፓርክ ጺም ሻ ጹይ መሃል ነው፤ ፍላሚንጎ አለው፣ መጫወቻ አለው፣ በነጻ ነው። ማዶ ደግሞ የከተማዋ የእንስሳትና የዕፅዋት መናፈሻ አለ፤ እሱም በነጻ።

ለሁሉም መጓጓዣ ኦክቶፐስ የሚባለውን ካርድ አውጡ። ከ3 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ የራሱ የልጅ ካርድ አለው። ካርዱን ራሱ «ቲን» ሲያደርገው ነው ደስታው።

*ምግብ*

በየካቲቱ ገበያ ዐቢይ ጾም ሊገጥማችሁ ይችላል። ልጅ ባይጾምም እናንተ ትቸገራላችሁ፤ የአሳማ ሥጋ ደግሞ በብዙ ምግብ ውስጥ አለ፣ ሾርባው ሳይቀር። መፍትሔው የህንድ ምግብ ቤት ነው፤ ምስሩና ቂጣው ለእኛ ሰው አይከብድም። ቹንኪንግ ማንሽንስ በሚባለው ባለ 17 ፎቅ ህንጻ ውስጥ ሞልቷል፤ አፍሪካውያን ነጋዴዎችም የሚሰባሰቡበት ነው። በሩ ላይ ግፊያ ስላለ የልጁን እጅ አትልቀቁ። ሙስሊም ወገኖች ሐላል ምግብ እዚያው ታገኛላችሁ፤ የካውሉን መስጊድም በዚያው በናታን ጎዳና፣ ከመናፈሻው አጠገብ ነው።

*ጥንቃቄ*

መኪና በግራ ነው የሚሄደው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ ልጁንም ከጉዞው በፊት አለማምዱት። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስኪርቢቶ ጻፉ። የልጅ ጋሪ በትራምና በደረጃ ላይ ሸክም ነው፤ እኔ ነጠላ ይዤ ስትደክም አዘልኳት። አሮጊቶቹ እያዩ ፈገግ ይሉ ነበር፤ ካንቶኖችም በድሮው ጊዜ ልጅ በጨርቅ ያዝሉ ነበርና። የናሙና ድንጋዮቻችሁን ደግሞ ከልጅና ከውሃ አርቁ፤ የእኛ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋና እስኪደርቅ ድረስ አይመለስም። ገዢ ፊት ባዶ ብርጭቆ የመሰለ ድንጋይ ይዞ መቅረብ አይፈለግም።

*አንድ ቀን እንዲህ አውጡት*

ረፋድ ላይ ቁርስ፣ ቀጥሎ መናፈሻ። ከሰዓት በጀልባ መሻገር፣ አንድ ትራም መሳፈር፣ ደስ ባላችሁ ቦታ መውረድ። ወደ ማታ በጀልባ መመለስና መብራቱን ማየት። ከዚህ በላይ አትጨምሩ። ትርፍ ቀን ካላችሁ የመጨረሻውን ለላንታው ደሴት ስጡት፤ ከአየር ማረፊያው ብዙም ከማይርቀው ቱንግ ቹንግ ተነስቶ 5.7 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የገመድ መኪና አለ፣ መድረሻው ላይ 34 ሜትር የሚረዝም የነሐስ ቡድሃ። ደረጃው 268 ነው፤ የደላንታ እግር አይፈራውም።

ገንዘቡን ለማስላት፦ 1 የአሜሪካ ዶላር 7.8 የሆንግ ኮንግ ዶላር ያህል ነው፤ በ8 አካፍሉ፣ ይቀላችኋል። የጎደለ ካለ ጠይቁኝ። ሄዳችሁ የመጣችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ የወደዱትን ጨምሩበት፤ የመስከረሙ ገበያ ሰዎች እየተዘጋጁ ነው።