ቬፕ፣ ጭንቀትና ድባቴ፦ ኒኮቲን የሚሰጠው እፎይታ ከየት ይመጣል?

ኒኮቲን ያለበት ቬፕ ብዙ ወጣቶች ጭንቀትን ለማስታገስና ከድባቴ ለማምለጥ የሚጠቀሙበት ነገር ሆኗል። ትሩዝ ኢኒሺዬቲቭ የተባለው የአሜሪካ ፀረ ትምባሆ ድርጅት ባደረገው ጥናት፣ ቬፕ ሞክረው ከሚያውቁ ወጣቶች 81 በመቶው የጀመሩት ውጥረትን፣ ጭንቀትን ወይም ድባቴን ለመቀነስ እንደሆነ ተናግረዋል። ቬፑ ሲሳብ የሚሰማው መረጋጋት እውነተኛ ስሜት ነው። ሆኖም የዚህ መረጋጋት ትልቁ ክፍል ኒኮቲኑ ራሱ ያመጣው ሐራራ ሲበርድ የሚሰማ እፎይታ ነው። ይህንን መረዳት ለማቆምም ሆነ ዋናውን ሕመም ለማከም መነሻ ይሆናል።

መሣሪያውና መጠኑ

ቬፕ በባትሪ የሚሠራ፣ ፈሳሽ አግሎ ወደ ጉም የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን የተቀላቀሉበት ነው። የዛሬውን ዓይነት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በ2003 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ ነው። ትምባሆ ስለማይቃጠልበት የሲጋራ ጢስ የያዘው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የለበትም። ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ግን እንዳለ ነው፤ አንዳንዴም ይብሳል።

የባሰበት ምክንያት የኒኮቲን ጨው የሚባለው አሠራር ነው። ተራው ኒኮቲን በብዛት ሲሳብ ጉሮሮ ያቃጥላል። እንደ ቤንዞይክ አሲድ ያለ ነገር ሲጨመርበት ግን ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሳይቸገር ብዙ ኒኮቲን መሳብ ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ጁል የተባለ ቬፕ በዚህ መንገድ የተሠራ ሲሆን፣ ጠንካራው ዓይነት በአንድ ሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ያህል ኒኮቲን ነበረው። የአውሮፓ ኅብረት የፈቀደው ጣሪያ 20 ሚሊ ግራም ነው። እስራኤልም በ2018 እ.ኤ.አ. ከዚህ ጣሪያ በላይ ኒኮቲን ያለበት ጁል እንዳይገባ ከልክላለች። ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ጨርሶ ስለሚከለክል፣ በድብቅ የሚሸጠው ዕቃ ምን ያህል ኒኮቲን እንደያዘ የሚያረጋግጥ ቁጥጥር የለም።

ሌላው ልዩነት አጠቃቀሙ ነው። ሲጋራ ተለኩሶ ያልቃል፤ አጫሹም ስንት እንዳጨሰ ይቆጥራል። ቬፕ ግን ኪስ ውስጥ ሆኖ መኝታ ቤትም መጸዳጃ ቤትም ይሳባል። በጭንቀት የሚሠቃይ ሰው ልቡ በመታ ቁጥር ስለሚስበው፣ በቀን ምን ያህል ኒኮቲን እንደወሰደ ራሱም አያውቀውም።

እፎይታው የሚፈጠርበት መንገድ

የተሳበ ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያም አሲቲልኮሊን የሚባለው የተፈጥሮ መልእክተኛ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይይዝና ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ይነቃል፤ ሐሳቡ ይሰበሰባል፤ ደስም ይለዋል። ኒኮቲን ደጋግሞ ሲመጣ ግን አንጎል ራሱን ከእሱ ጋር ያስማማል። የተቀባዮቹ ቁጥር ይጨምራል፤ ኒኮቲን በሌለበት ሰዓትም ጎዶሎነት ይሰማል።

ደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። መጠኑ እየወረደ ሲሄድ ብስጭት፣ መቅበጥበጥ፣ ያለ ምክንያት መስጋት፣ ሐሳብ መበታተንና መከፋት ይመጣሉ። እነዚህ የኒኮቲን ሐራራ ምልክቶች ከጭንቀትና ከድባቴ ምልክቶች ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ተጠቃሚው የራሱ ሕመም እንደተነሣበት ያምናል። ቬፑን ሲስብ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋጋል፤ ከዚህም ቬፑ መድኃኒቱ እንደሆነ ይማራል። በአራጣ ተበድሮ የዛሬን ዕዳ የሚከፍል ሰው ነገ ተጨማሪ ዕዳ እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ እያንዳንዱ መሳብ የአሁኑን ሐራራ አብርዶ የሚቀጥለውን ይወልዳል። ጠዋት ላይ የሚሰማው ከባድ መቅበጥበጥም ለዚህ ምስክር ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ ኒኮቲን ሳይገባ አድሯልና።

ከእፎይታው ሌላም ክፍል አለ። ቬፕ የሚስብ ሰው በቀስታ ወደ ውስጥ ይተነፍሳል፤ ቆም ብሎም ያስወጣል። ከተጨናነቀ ክፍል ወይም ከሥራ ጠረጴዛ ተነሥቶ ይወጣል፤ ከጓደኛ ጋር ሁለት ቃል ይለዋወጣል። እነዚህ በእርግጥ ጭንቀትን ያበርዳሉ፤ ኒኮቲን ግን አያስፈልጋቸውም።

ኒኮቲን በጭንቀት ላይ የሚያደርሰው

ኒኮቲን አነቃቂ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን እንዲለቁ ያደርጋል፤ የልብ ምትና የደም ግፊትም ይጨምራሉ። መጠኑ ሲበዛ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የልብ ድው ድው ማለት ይከተላል። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ለሚነሣበት ሰው ይህ ከባድ ነው። የልቡ ምት ሲፈጥን የጥቃቱ መጀመሪያ ይመስለዋል፤ ይህ ፍርሃት ራሱ ደግሞ ጥቃቱን ይጠራዋል።

እንቅልፍም ይጎዳል። ከመኝታ በፊት የተሳበ ኒኮቲን እንቅልፍ ያዘገያል፤ ሌሊት የሚመጣው ሐራራ ይቆራርጠዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ ይጨነቃል፤ ቬፑንም ይበልጥ ይፈልጋል። ጫት የሚቅም ሰው ላይ ሁለት አነቃቂዎች ይደራረባሉ። ምርቃናው ሲያልቅ የሚመጣውን መደበት በኒኮቲን ለመሸፈን መሞከርም ሌሊቱን ጨርሶ ያለ እንቅልፍ ያሳድራል።

ድባቴና ኒኮቲን

በድባቴና በኒኮቲን መካከል ያለው ግንኙነት ሁለት አቅጣጫ አለው። በድባቴ የሚሠቃዩ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኒኮቲን የመጠቀም ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ለማቆምም ይቸገራሉ። ድባቴ የደስታን ስሜት ስለሚያደበዝዝ፣ ለደቂቃዎችም ቢሆን ዶፓሚን የሚጨምር ነገር ሲገኝ ትልቅ ዋጋ ይኖረዋል። በሌላ በኩል ሐራራው ራሱ ፍላጎት ያሳጣል፤ ቀድሞ ያስደስት የነበረውን ነገር ያስጠላል። ቬፕ የሚጠቀሙ ወጣቶች ላይ የድባቴ ምልክቶች በብዛት እንደሚታዩ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ብቻውን ቬፕ ድባቴን እንደሚፈጥር አያረጋግጥም፤ ሁለቱ ተያይዘው እንደሚሄዱና አንዱን እያዩ ሌላውን መተው እንደማይገባ ግን ያመለክታል።

ለልጆችና ለወጣቶች አደጋው የከፋ ነው። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ማደጉን ይቀጥላል። በዚህ ዕድሜ የሚገባ ኒኮቲን ትኩረትን፣ ትምህርትንና ስሜትን የመግታት ችሎታን ይነካል፤ ሱሱም ቶሎ ሥር ይሰዳል። ልጃቸው ክፍሉን ዘግቶ ቬፕ ሲስብ ያገኙ ወላጆች ከቁጣ በፊት ሊያነሡት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ልጁ ይህን የሚያደርገው የትኛውን ስሜት ለመሸሽ ነው?

ሲቆም የሚሆነው

ብዙዎች ኒኮቲን ካቆሙ ጭንቀታቸው የሚብስ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በተመለከተ ስጋታቸው ትክክል ነው። ሐራራው በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን አካባቢ ይበረታል፤ ከዚያ እየቀነሰ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ይወጣል። በዚህ መካከል ተስፋ ቆርጦ የሚመለስ ሰው የሚያስታውሰው መጥፎዎቹን ቀናት ብቻ ስለሚሆን፣ ያለ ኒኮቲን መኖር እንደማይችል ይደመድማል።

ረዘም ላለ ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመና 26 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ ጭንቀታቸው፣ ድባቴያቸውና ውጥረታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። የለውጡ መጠን የድባቴ መድኃኒቶች ከሚያመጡት ለውጥ ጋር የሚቀራረብ ነበር። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ተጠቅመዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን በሚገመግመው ኮክሬን የወጣው ሰፊ ግምገማ 102 ጥናቶችን መርምሮ ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ ደርሷል። እነዚህ ጥናቶች ያተኮሩት በሲጋራ አጫሾች ላይ ነው። ቬፕም ሱስ የሚያስይዘው በዚያው በኒኮቲን በመሆኑ፣ የሐራራውና የእፎይታው ዑደት አንድ ዓይነት ነው።

ሲጋራ ለሚያጨሱ ሰዎች

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሙሉ በሙሉ ወደ ቬፕ ከተሸጋገረ ከጢሱ የሚመጣውን ጉዳት በጣም ይቀንሳል። በ2019 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በ886 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራ አላጨሱም፤ እንደ ፕላስተርና ማስቲካ ያሉ የኒኮቲን መተኪያዎች ከተሰጣቸው ግን 9.9 በመቶው ብቻ ናቸው። ይሁንና በቬፕ ሲጋራን ካቆሙት 80 በመቶው በዓመቱ መጨረሻ ቬፑን እየተጠቀሙ ነበር። ስለዚህ ለአጫሽ ሰው ቬፕ ወደ ማቆሚያው የሚወስድ አንድ ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሲጋራ አጭሶ ለማያውቅ የተጨነቀ ሰው ግን የአዲስ ሱስ መግቢያ ነው።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ አጫሾች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የሲጋራ ጢስ፣ ኒኮቲኑ ሳይሆን ጢሱ፣ እንደ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶችን ጉበት ቶሎ እንዲያስወግዳቸው ያደርጋል። ሰውየው ሲጋራ ትቶ ወደ ቬፕ ሲዞር ይህ ይቆምና መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ለውጡን አስቀድሞ ለሐኪም መንገር ግድ ነው። ካፌይንም በተመሳሳይ መንገድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ሲጋራ ያቆመ ሰው የቡናውን መጠን ቢቀንስ መንቀጥቀጡና የልቡ ምት ይረጋጋሉ።

ለማቆም የሚረዳው

አንዳንዱ በአንድ ቀን ይቆርጣል፤ ሌላው የፈሳሹን የኒኮቲን መጠን ደረጃ በደረጃ ያወርዳል፤ ቬፕ የማይስብባቸውን ቦታዎችና ሰዓቶችም ይጨምራል። ብርቱ ሐራራ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። በእነዚያ ደቂቃዎች ተነሥቶ መራመድ፣ ውኃ መጠጣትና ትንፋሽን ከሚያስገቡት ይልቅ በረዘመ ጊዜ ቀስ ብሎ ማስወጣት ይረዳል።

መድኃኒትም አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ አሜሪካዊ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆኑ ቬፕ ተጠቃሚዎችን መርምሯል። ከምክር ጋር ቫረኒክሊን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት 51 በመቶው በሕክምናው የመጨረሻ ሳምንታት ቬፕ አልተጠቀሙም፤ ከምክር ጋር የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 14 በመቶው ብቻ ናቸው። ቫረኒክሊን የአእምሮ ሕመም ያባብሳል የሚለውን ስጋት ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ8,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ታሪክ የነበራቸው ትልቅ ሙከራ በእጅጉ አቃሎታል። የትኛውም መድኃኒት ግን በሐኪም ትእዛዝና ክትትል መሆን አለበት።

ዋናውን ሕመም ማከም

ቬፑ ቢቆምም ጭንቀቱ ወይም ድባቴው ከሱሱ በፊት የነበረ ከሆነ የራሱን ሕክምና ይፈልጋል። ሐሳብንና ልማድን የሚያርም የንግግር ሕክምና፣ መደበኛ የአካል እንቅስቃሴና ሐኪም የሚያዝዛቸው የድባቴ መድኃኒቶች ውጤታቸው የተመሰከረላቸው ናቸው። ችግሩ መድኃኒቶቹ ለመሥራት ሳምንታት ሲፈልጉ ቬፕ በሰከንዶች መሥራቱ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ታማሚ ክኒኑ እንደማይሠራ አምኖ ይተወዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ሌሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ይሰጣሉ። ጸበል የሚሄድ ሰውም እምነቱንና ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል፤ የጀመረውን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይገባውም።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ መከፋት፣ የምግብና የእንቅልፍ መዛባት፣ ከሰው መሸሽ ወይም ሥራና ትምህርት ማቋረጥ ሐኪም የሚያስፈልግበት ምልክት ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ ቀን መጠበቅ አይገባም። ሰውየው ብቻውን ሳይተው በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። አሜሪካ ውስጥ 988፣ እስራኤል ውስጥ 1201 ላይ ደውሎ ወዲያው ሰው ማነጋገር ይቻላል።