ብዙ ሰው አንድ በደል ሲደርስበት፦ የጋራ ክስ እንዴት ይቀርባል?

በይርጋጨፌ አካባቢ፣ አሪቻ ላይ እሸት ቡና ሲደርስ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በሠራተኛ ይሞላሉ። ማድረቂያ አልጋ ከብበው እንከን ያለበትን ፍሬ ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እንበልና በአንድ ጣቢያ የ40 ለቃሚዎች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። የአንዷ ድርሻ ለመመላለሻና ለማመልከቻ ጸሐፊ ቢወጣ ያልቃል፤ ስለዚህ ትተወዋለች። የ40ዎቹ ሲደመር ግን ሊተው የማይገባ ገንዘብ ነው። የጋራ ክስ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማኅበር ስለ አባላቱ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያለው ቡድን አባል ወይም ወኪል ደግሞ ስለ ቡድኑ ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38ም አንድ ወይም ጥቂት ሰዎች ስለ ሁሉም እንዲከሱ ይፈቅዳል። ቅድመ ሁኔታው ሁሉም በውክልናው መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ካሳ በሚጠየቅባቸው የቡድን ክሶች አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ክሱን በቡድን ከፈቀደው አልፈልግም ብሎ ያልወጣ ሁሉ እንደ ከሳሽ ይቆጠራል። እኛ ዘንድ ግን ስምና ፊርማ ማሰባሰቡ ከክሱ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ሠራተኞች ወዴት ይሂዱ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግልና የወል የሥራ ክርክርን ይለያል። ያልተከፈለ ደመወዝና ከሥራ መሰናበት በግል ክርክርነት ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ ብዙ ከሳሾችም አብረው ሊቀርቡ ይችላሉ። የሕብረት ስምምነትን ወይም ሠራተኛውን በጠቅላላው የሚነካ ጉዳይ ወደ አስማሚ፣ ካልተፈታም ወደ ወሳኝ ቦርድ ያመራል። 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

ለወቅት ሥራ መቀጠር ከእነዚህ መብቶች አያስወጣም። ውሉ በቃል መሆኑም ክፍያ አያስቀርም። በሥራ ቀን ከ8 ሰዓት በላይ የተሠራ የቀን ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ተባዝቶ፣ የሕዝብ በዓል ትርፍ ሰዓት ሥራ ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል።

ቀኑ እንዳያልፍ

ብዙ እውነተኛ አቤቱታ የሚወድቀው በይርጋ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ጥር 30 መከፈል የነበረበት ገንዘብ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልተጠየቀ መብቱ ይጠፋል። ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ቆጠራውን ያቋርጠዋል። የቃል ተስፋ ግን አያቋርጥም፤ «ነገ እከፍላለሁ» የሚል ሰው ያንን በጽሑፍ ይስጥ።

ሸማቾችስ?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 በገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጉዳት የደረሰበት ሸማች ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ከአንድ ሱቅ የተበላሸ ዘይት የገዙ ጎረቤታሞች ደረሰኛቸውንና የዕቃውን ናሙና ይዘው አብረው ቢያመለክቱ የአንዱ ማስረጃ ሌላውን ይደግፋል።

ዛሬ ምን ይደረግ?

የሥራ ቀንና ሰዓት በደብተር ይመዝገብ፤ የክፍያ ወረቀት አይጣል። ሁለት ሦስት የሚታመኑ ተወካዮች ይመረጡና እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙን፣ የቀረበትን መጠንና ፊርማውን ያስፍር። ማንበብ የማትችል ሠራተኛ ከመፈረሟ በፊት ጽሑፉ በምትሰማው ቋንቋ፣ በጌዴኦኛም ቢሆን፣ ይነበብላት። ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። መዝገቡን ይዞ ቀኑ ሳያልፍ መሄድ ነው።