ኢ 234 መርዝ ነው ወይ? ለአክስቴ የመለስኩት መልስ

ባለፈው ጫጫ ሄጄ ነበር። ብርዱ እንዳለ ነው፣ ወተቱም እንዳለ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሄዳችሁ ታውቋታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን ከመድረሳችሁ በፊት የምታልፏት ከተማ ናት። እዚያ አገር ጾም ሲገባ አንድ ችግር አለ፦ ወተት ፈላጊ ይጠፋል፣ ላሟ ግን አትጾምም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የታለበው ወተት አንድ ነገር መሆን አለበት። ስለዚህ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው እሳት ላይ ተጥዶ አይብ ይሆናል።

አክስቴ በዚህ ሥራ ያረጀች ናት። ቤቷ እንደገባሁ ግን ስለ ላሞቿ አላወራችኝም። ልጇ ከአዲስ አበባ ያመጣችላትን ባለ ሦስት ማዕዘን ቺዝ ካርቶን ይዛ መጣችና ጀርባውን አሳየችኝ።

«ይኼ ኢ 234 የሚለው ኬሚካል ነው፣ መርዝ ነው ብለው በስልክ ላኩልኝ። ለልጆቹ ልስጥ ወይስ ለውሻ ልጣለው?»

«አክስቴ፣ ይኼ እኮ ያንቺ ቅል ዘመድ ነው» አልኳት። ሳቀች እንጂ አላመነችኝም። እናንተም ሳታምኑኝ አትቀሩም፣ ስለዚህ ላስረዳ።

አክስቴ ወተት ከማርጋቷ በፊት ቅሉን በወይራ ጭስ ታጥናለች። ከዚያ ወተቱን ትጨምርና ትተወዋለች። እርሾ አትጨምርም፤ ሥራውን የሚሠሩት በወተቱና በቅሉ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። የወተቱን ስኳር እየበሉ ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ፣ ወተቱም ይኮመጥጣል። ጭሱም ኮምጣጣነቱም ጀርም ያዳክማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ምሁር ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ይህን የእናቶቻችንን ዘዴ፣ የቅሉን መታጠን ሳይቀር፣ ላቦራቶሪ አስገብተው ለዓመታት አጥንተውታል።

ከእነዚህ ወተት አኮምጣጭ ባክቴሪያዎች አንዱ ላክቶኮከስ ላክቲስ ይባላል። ሁሉም ዝርያው ባይሆንም አንዳንዱ ከአሲዱ ሌላ አንዲት ትንሽ ፕሮቲን ይሠራል። በዚያች ፕሮቲን ምግብ የሚሻሙትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ሽፋን ይበሳል፤ የተበሳው ባክቴሪያ ውስጡ ፈስሶ ይሞታል። ፕሮቲኗ ናይሲን ትባላለች። ኢ 234 ማለት ይህችው ናት።

ነገሩ የታየው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ ስሙ የወጣለት በ1947 እንግሊዝ አገር ነው። መጀመሪያ ያስፈለገው ለቺዝ ነበር። ክሎስትሪዲየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ዘር መሰል ስፖር አላቸው፤ ስፖሩ ሙቀት ችሎ ያልፍና ቺዙን በጋዝ ይነፋዋል። ናይሲን እነዚህን ይከለክላል። በ1953 ለገበያ ቀረበ። አውሮፓ ኢ 234 ብሎ መዘገበው፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ1988 ፈቀደው።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ። ለልጅ ይሰጣል ወይ?

ናይሲን ፕሮቲን ስለሆነ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንዛይም እንደ ሥጋና እንደ ወተት ፕሮቲን ቆራርጦ ያልመዋል። መጠኑንም እናስላ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ያስቀመጠው ጣሪያ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 60 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በአንድ ኪሎ እንዲህ ያለ ቺዝ ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደው ደግሞ ቢበዛ 12.5 ሚሊግራም ነው። ጣሪያው ላይ ለመድረስ በየቀኑ ወደ 5 ኪሎ ቺዝ መብላት ያስፈልጋል። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃንም ከአንድ ኪሎ በላይ መብላት አለበት። ያን ያህል ቺዝ የሚበላ ሰው ካለ፣ ከናይሲኑ በፊት ጨውና ስቡ ያሳስበው።

በዚህ ስሌት ደስ ብሎኝ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ብዬ ብቋጭ ግን ዋሽቻችኋለሁ። ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው መድኃኒትም ተፈጥሯዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው፤ ስንቱን የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ አድኗል፣ የስንቱንም ጆሮ አደንቁሯል። ክሎራምፌኒኮል የሚባለው መድኃኒትም ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው፤ ከስንት አንድ ሰው ላይ የአጥንት መቅኔ ደም መሥራት እንዲያቆም ያደርጋል። የቦቱሊዝም መርዝም የባክቴሪያ ሥራ ነው፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ የከፋው ነው። ባክቴሪያ ለራሱ ይዋጋል እንጂ ለእኛ አስቦ አይሠራም። ናይሲን የሚበላው ተመርምሮ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቆ ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ለማስታወቂያ ይጠቅማል፣ ለማስረጃ አይሆንም።

ሌላም አለ፤ ለጫጫ ሰው ዋናው ይህ ነው። ናይሲን ሁሉንም ባክቴሪያ አይገድልም። በጥሬ ወተት ሊኖሩ የሚችሉት ኢ ኮላይ፣ ሳልሞኔላና የውርጃ በሽታ የሚያመጣው ብሩሴላ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ናይሲን ብቻውን አይደፍራቸውም። የከብት ሳንባ ነቀርሳም ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። አክስቴ ግን የቺዙን ካርቶን ፈርታ፣ ለልጆቹ ከላሟ ጡት የወረደ ጥሬ ወተት በጣሳ ትሰጣለች። «ከራሴ ላም የታለበ ምን ይሆናል?» ትላለች። የሚፈራውን ትታ የማይፈራውን ፈርታለች።

እኔም እንዲህ አልኳት፦ «ቺዙን ስጫቸው፣ ከካርቶኑ ላይ ቀኑ እንዳላለፈ ብቻ እይ። ወተቱን አፍልተሽ ስጫቸው። የሚረጋውንም ቢሆን አፍልተሽ አብርጂውና ከደህና እርጎ ትንሽ ጣል አድርጊበት።» መፍላቱ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል ነው እርሾ የሚያስፈልገው።

ቺዙን ከፈተች፣ ለልጆቹ አደለች፣ አንዱን ለራሷ ቀመሰች። «የኔ ቅል ዘመድ ነው ያልከው ይኼ ነው? ጨው የበዛበት ነው፤ የኔ አይብ ይሻላል» አለችኝ። በዚህ አልተከራከርኳትም።

እናንተም የካርቶን ቁጥር እየላካችሁ «ሼር አድርጉ» ከማለታችሁ በፊት፣ ቤታችሁ ያለው ወተት መፍላቱን አረጋግጡ።