የስጦታ ውልና የትምህርት ቤት ስም፤ በበጎ አድራጊዎች ስም የሚጠሩ የግል መሰናዶ ትምህርት ቤቶች ታሪክ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ተማሪዎችን ለኮሌጅ ከሚያዘጋጁት የግል መሰናዶ ትምህርት ቤቶች መካከል በርካቶቹ የሚጠሩት ሀብታቸውን በለገሱላቸው ሰዎች ስም ነው። ስሙ የሚናገረው ግን የሰጪውን ማንነት ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ማንን እንደሚቀበልና እንዴት እንደሚያስተምር የሚወስነው ስጦታው የተሰጠበት ውል ነው። ይህንኑ ከሦስት ትምህርት ቤቶች ታሪክ መረዳት ይቻላል። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ፊሊፕስ በማሳቹሴትስ ግዛት በአንዶቨር ከተማ ፊሊፕስ አካዳሚን ያቋቋመው በ1778 ሲሆን፣ ሀብቱን በዋነኛነት የለገሱት አባቱና አጎቱ ጆን ፊሊፕስ ነበሩ። አጎትየውም በ1781 በኒው ሃምፕሸር ግዛት ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚን መሠረተ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በባለአደራዎች ቦርድ ሥር እንዲተዳደሩ ስለተደረገ፣ ጆን ፊሊፕስ በ1795 ካረፈ በኋላም ሥራቸው አልተቋረጠም። የአንዶቨር የመመሥረቻ ሰነድ መምህሩ ዕውቀትን ከግብረ ገብ ጋር አጣምሮ እንዲያስተምር፣ ትምህርት ቤቱም ብቃት ላላቸው ወጣቶች ሁሉ ከየትም ይምጡ ከየት ክፍት እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ «ወጣት» የተባለው ወንዱ ብቻ ሆኖ ቆየ። ኤክሰተር ሴቶችን የተቀበለው በ1970 ነው።

በአንጻሩ በ1829 በዚያው በአንዶቨር ለሴቶች ልጆች የተቋቋመው አቦት አካዳሚ ስያሜውን ያገኘው ሣራ አቦት ከተባለች ባሏ የሞተባት ሴት ነው። እርሷም ከሞቷ በኋላ የሚከፈል 1,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገብታ ነበር። አቦት በ1973 ከፊሊፕስ አካዳሚ ጋር ሲዋሐድ ግን የጋራው ተቋም የያዘው የፊሊፕስን ስም ነው። የሣራ ስም ከትምህርት ቤቱ መጠሪያነት ወረደ፤ የሴቶች ልጆች ትምህርት ግን በዚያው ከተማ ቀጠለ።

ለመምህራን ይበልጥ ትምህርት ሰጪ የሆነው የኤድዋርድ ሃርክነስ ስጦታ ነው። ከነዳጅ ዘይት ንግድ የተገኘ ከፍተኛ ሀብት የወረሰው ይህ ሰው በ1930 ለኤክሰተር 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ከትምህርት ቤቱ የጠየቀው የስያሜ ለውጥ ሳይሆን የማስተማር ዘዴ ለውጥ ነበር። ከዚህም የተነሣ አሥራ ሁለት ያህል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በአንድ ሞላላ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በውይይት የሚማሩበት ሥርዓት ተዘረጋ፤ ለዚህም ተጨማሪ መምህራን ተቀጠሩ፣ ሕንፃዎችም ተሠሩ። የሃርክነስ ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው በዚሁ ጠረጴዛና በዘዴው ነው።

እንዲህ ያለው አሠራር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ሀብታም ተቋማት ብቻ የሚችሉት፣ ሀብታም ልጆችም ብቻ የሚደርሱበት እንዳይሆን ያሰጋል። ኤክሰተር በ2007 የዓመት ገቢያቸው ከ75,000 ዶላር የማይበልጥ ቤተሰቦች ልጆች በነፃ እንዲማሩ መወሰኑ ለዚህ ሥጋት የተሰጠ መልስ ነው። ውሳኔውን ሊፈጽም የቻለውም በዘመናት የተጠራቀመ ቋሚ የስጦታ ሀብት ስለነበረው ነው።

ስለሆነም ስጦታ የሚቀርብለት የትምህርት ፕላን አውጪ ስለ ስያሜው ከመነጋገሩ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል፤ ገንዘቡን ከሰጪው ሞት በኋላ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ ውሉ የትኞቹን ልጆች እንደሚያስገባና የትኞቹን ደጅ እንደሚያስቀር፣ እንዲሁም በመማሪያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚለውጥ። እነዚህ ሳይመለሱ በበር ላይ የሚጻፍ ስም ለተማሪው የሚጨምርለት ነገር የለም።