መዱዛ የመብራት ጣቢያውን እንዳይዘጋ

በየዓመቱ በጁንና በጁላይ በአሽቀሎን ባህር ዳር መዱዛ በብዛት ይመጣል። ነገሩ የልጆቻችን መቃጠል ብቻ አይደለም፤ የመብራትም ጉዳይ ነው። ከከተማችን በስተደቡብ ያለው የሩተንበርግ ማመንጫ የሚቀዘቅዘው በባህር ውኃ ነው። መዱዛው እንደ ተልባ ዝልግልግ እያለ የውኃውን መግቢያ ይዘጋል። ውኃው ከተቋረጠ ማመንጫው ይቆማል፤ ያውም በየቤታችን ማዝጋን በሚሠራበት ሙቀት!

ይህን ሁሉ በእጅ መጥረግ አይቻልም። በሞተር የሚዞሩ ትልልቅ ወንፊቶች መዱዛውን ከውኃው ለይተው ያወጡታል፤ ከዚያም በከባድ መኪና ይጫናል። በጁላይ 2011 በሐዴራው ጣቢያ በቶን የሚቆጠር መዱዛ ወጥቷል።

ወላጆች ሆይ፣ የሞተ መዱዛም ያቃጥላል። አሸዋ ላይ የወደቀውን ልጆች አይንኩት። የተቃጠለ ሰው በዚያው በባህሩ ውኃ ይታጠብ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ ቁስሉንም አይሹት።