በረዶ የጠረባቸው የእንግሊዝ ተራሮች

የእንግሊዝ ረጅሙ ተራራ ስካፌል ፓይክ ከባሕር ጠለል በላይ 978 ሜትር ነው። ደጋ ላይ ያደገ አንባቢ «ይህም ተራራ ተብሎ?» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በሚገኘው በሌክ ዲስትሪክት የሸለቆዎቹ ወለል ለባሕር ጠለል ቅርብ ስለሆነ፣ እግረኛው ዳገቱን የሚጀምረው ከሥር ከመሠረቱ ነው። ከዋዝዴል ሄድ ተነስቶ ስካፌል ፓይክ አናት ላይ ለመድረስ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ግድ ይላል፤ ያውም በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ። ሸለቆውን እንዲህ አጥልቆ ዳገቱን ቀጥ ያደረገው በረዶ ነው።

ዐለቶቹ በዕድሜ ከበረዶው እጅግ ይቀድማሉ። በሰሜን፣ ከኬስዊክ ከተማ በላይ የቆመው ስኪዳው (931 ሜትር) በጥንት ባሕር ወለል ላይ ከተከማቸ ጭቃና ደለል የተሠራ ነው። ድንጋዩ በስሱ እየተፈረፈረ ስለሚወርድ ተራራው ክብ ትከሻ አለው፤ ወደ ጫፉ የሚወስደው መንገድም ሰፊና ግልጽ ነው። ስካፌል ፓይክና ሄልቬሊን ያሉበት መካከለኛ ክፍል ግን ከ450 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው ላቫና አመድ ነው። ይህ ዐለት ጠንካራ ነው፤ ሲሰበርም በትልልቁ ስለሚሰበር ገደልና ሹል ጫፍ ይተዋል። በደቡብ፣ በዊንደርሚር ሐይቅ ዙሪያ ያለው ደግሞ ለስለስ ያለ ዐለት በመሆኑ ከኮረብታ አላለፈም።

በረዶው የሠራውን በአንድ ቀን ጉዞ ማየት ለሚሻ ሰው ከሄልቬሊን (950 ሜትር) የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። የተራራው ምዕራባዊ ጎን ወጥ ተዳፋት ነው፤ ምሥራቃዊው ጎን ግን በማንኪያ እንደተዛቀ ገንፎ ተቦርቡሯል። ምክንያቱ ነፋስና ፀሐይ ናቸው። በበረዶው ዘመን ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ በረዶውን ከተራራው አናት እየጠረገ በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይከምረው ነበር። እዚያ ጥላ ስለሚበዛ በበጋም አይቀልጥም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ በገዛ ክብደቱ ተጨምቆ ግግር ይሆናል፤ ግግሩም ቁልቁል ሲንሸራተት ከጀርባው ያለውን ዐለት እየነቀለ፣ ከሥሩ ያለውን እየፋቀ ጎድጓዳ ስፍራ ይቆፍራል። ከእነዚህ ጎድጓዶች በአንዱ ውስጥ ዛሬ ሬድ ታርን የተባለው ትንሽ ሐይቅ ተኝቷል። የመጨረሻዎቹ ትናንሽ ግግሮች የቀለጡት ከ11,700 ዓመታት ገደማ በፊት ስለሆነ፣ በሥነ ምድር አቆጣጠር ጠባሳው ገና ትኩስ ነው።

ሁለት ግግሮች ከግራና ከቀኝ ሲቦረቡሩ በመካከላቸው የሚተርፈው ግድግዳ እየሳሳ ሄዶ ስለት ያወጣል። ስትራይዲንግ ኤጅ እንዲህ የተረፈ ሸንተረር ነው። ከግሌንሪዲንግ መንደር የሚነሳው መንገድ በድንጋይ ካብ ላይ ያለን ክፍት ቦታ አልፎ ወደዚህ ሸንተረር ይወጣል። አንዳንድ ቦታ ላይ ከጫማ ብዙም የማይሰፋ መርገጫ ነው ያለው፤ በሁለቱም በኩል ገደል ነው። ልቡ ያልቆረጠ ሰው በሬድ ታርን በኩል ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብላ የምትሄደውን ቀጭን መንገድ መያዝ ይችላል። ሸንተረሩ ሲያልቅ በእጅም በእግርም እየቧጠጡ መውጣት ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ድንገት ሜዳ ነው። አናቱ በረዶ ያልቆረሰው የቀድሞ ገጽ በመሆኑ በጣም ለጥ ያለ ነው፤ በታኅሣሥ 1926 እ.ኤ.አ. ጆን ሊሚንግና በርት ሂንክለር ትንሽ አውሮፕላን አሳርፈውበታል፤ መልሰውም አስነስተውታል።

የስካፌል ፓይክ አናት ሌላ መልክ አለው፤ የተዘበራረቀ የቋጥኝ ክምር ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ደጋግሞ ሲረጋ ዐለቱን ይፈለቅቀዋል። ወደዚያ ከሚወስዱት መንገዶች መካከል ከሲዝዌይት ተነስቶ በኮሪደር መንገድ የሚሄደው ረዘም ቢልም እጅግ ያማረው እሱ ነው። ሲዝዌይት በእንግሊዝ ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ነው፤ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል። ዝናብ ባለበት ደግሞ ጉም አለ። ቋጥኝ ላይ የእግር ዱካ አይታይምና፣ በጉም ውስጥ አቅጣጫ ስቶ ወደ ሌላ ሸለቆ መውረድ ወይም ፒርስ ጊል ወደተባለው ጥልቅ ሸለቆ ማምራት የታወቀ አደጋ ነው። ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ካርታና ኮምፓስ ይያዙ።

አሁን መሬቱን የሚሸረሽረው የሰው እግር ነው። ሣሩ ሲረገጥ ይሞታል፣ ዝናቡ አፈሩን ያጥባል፣ ተጓዡ ጭቃውን ሽሽት ወደ ዳር ሲወጣ መንገዱ ይሰፋል። ፊክስ ዘ ፌልስ በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ ያሉ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ድንጋይ በሄሊኮፕተር እያስመጡ መንገዱን እንደ ደረጃ ያነጥፉታል። ድንጋዩ ጉልበት ቢያደክምም ከእሱ አይውጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በስኪዳው ይጀምር፤ ሄልቬሊንንም በምዕራቡ ተዳፋት በኩል ይሞክረው። ስትራይዲንግ ኤጅ ነፋስ በሌለበት ደረቅ ቀን የሚኬድበት ነው። በክረምት፣ በረዶ ሲሸፍነው፣ የበረዶ መጥረቢያና ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ሹል ብረት ያልያዘ፣ አጠቃቀሙንም ያልተማረ ሰው ባይሄድበት ይሻላል።